ፊትን አይቶ ድምፅን መፍረድ

በቴሌቪዥን የሚታየው የዘፋኞች ውድድር በኢትዮጵያ ከተጀመረ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች ቍጥር በ2001 «ፖፕ አይዶል» ተብሎ የወጣው ሥርዐት በየአገሩ እየተቀዳ ሲሄድ፥ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በ1990ዎቹ ዓመታት ማለቂያ «የኢትዮጵያ አይዶል» ተብሎ ታየ፤ ከዚያም «ባላገሩ አይዶል»፥ በፋና ቴሌቪዥንም «ፋና ላምሮት» የተባሉት ተከተሉት። አይዶል ማለት በእንግሊዝኛ ጣዖት ማለት ነው፤ ሕዝብ የሚወደውን ዘፋኝ በዚህ ስም መጥራት በፈረንጆች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። ካህን የሆነ አንባቢ ስሙን ብቻ ሰምቶ ፊቱን ቢያዞር የሚያስወቅሰው አይመስልም። ነገር ግን በስሙ ብቻ ፊቱን ካዞረ፥ ከዚህ በታች የሚነቀፈውን ስሕተት እርሱም መሥራቱ ነውና ጥቂት ይታገሥ።

ስለ እነዚህ ውድድሮች የሚነገረውና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ድምፅ ነው፤ ማን አሳምሮ አዜመ፥ ማን ከቅኝቱ ወጣ፥ ዳኛው ለማን አደላ የሚል ነው። ከድምፁ በፊት ስላለችው ግማሽ ደቂቃ ግን የተናገረ ሰው ጥቂት ነው። ተወዳዳሪው በበሩ ይገባል። ካሜራው አስቀድሞ ጫማውን፥ ቀጥሎ ልብሱን፥ ቀጥሎም ፊቱን ያሳያል። ስሙንና አገሩን፥ ምን ሠርቶ እንደሚኖርም ይጠየቃል። ከዳኞቹ አንዱ ፈገግ ይላል፤ ሌላው ወደ ባልንጀራው ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ያንሾካሹካል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አንዲት ዜማ አልተሰማችም፤ በቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ግን «ይኸስ አይሆንም» ወይም «ይህችስ ሳትችል አትቀርም» ብሎ ፍርዱን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ለፈረደው ፍርድ ምስክር ሆኖ ይቀርባል እንጂ ራሱን ችሎ አይመዘንም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ነገር አጥብቀው መርምረውታል። ሰሎሞን አሽ የተባለው ሊቅ በፈረንጆች ቍጥር በ1946 ባሳተመው ጥናት፥ ስለ አንድ ሰው ጠባይ የሚናገሩ ስድስት ቃላት መርጦ ለአንዳንዶቹ ሰዎች «ብልህ፥ ትጉህ፥ ችኩል፥ ነቃፊ፥ ግትር፥ ምቀኛ» ብሎ አሰማቸው፤ ለሌሎቹም እነዚያኑ ቃላት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ አሰማቸው። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው። ሆኖም የፊተኞቹ ሰውዬውን ጥቂት ጕድለት የሚገኝበት ባለ ችሎታ አድርገው ሲያስቡት፥ የኋለኞቹ ችሎታውን ክፉ ጠባዩ የሰወረበት ሰው አድርገው ገመቱት። በ2006 ደግሞ ዊሊስና ቶዶሮቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የማያውቁትን ሰው ፊት የሰከንድ ዐሥረኛ ለምትሆን ቅጽበት ብቻ ላዩ ሰዎች፥ ይህ ሰው ይታመናልን፥ ይወደዳልን፥ ሥራ ይችላልን እያሉ ጠየቋቸው። ያለ ጊዜ ገደብ ያዩት ሰዎች የሰጡት ፍርድ በቅጽበት ካዩት ሰዎች ፍርድ ብዙ የራቀ ሆኖ አልተገኘም። ጊዜ ሲጨመር የጨመረው ነገር ቢኖር ሰዎቹ በገዛ ፍርዳቸው መታመናቸው ነበር። ይህ የኋለኛው ነገር ከፊተኛው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

ለመጻሕፍት ዐዋቂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በመጣ ጊዜ የበኵሩን የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ ይኸው ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ ሰባቱ ልጆች በፊቱ ካለፉ በኋላ ስምንተኛው ከበግ ጥበቃ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ማዕድ ሳይቀርብ ቆመው ጠበቁት። በቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ የተፈቀደው ሰዓት አልቆ ኤልያብ በተሾመ ነበር።

አስቀድሞ የተዘጋጀውን ግምት ዋልተር ሊፕማን የተባለው አሜሪካዊ ጸሓፊ በ1922 ባወጣው መጽሐፍ «ስቴሪዮታይፕ» ብሎ ጠራው፤ ቃሉንም የተዋሰው ከማተሚያ ቤት ነው። ፊደል ለቃሚው አንድ ገጽ ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ የገጹ ቅርጽ ይወሰድና በቅርጹ ላይ የቀለጠ ብረት ፈስሶ አንድ ወጥ ሰሌዳ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያንኑ ገጽ ሺህ ጊዜ ቢያትሙት አንዲት ፊደል ከስፍራዋ አትነቃነቅም፤ የተሳሳተች ፊደል ብትኖርም ሺህ ጊዜ ትታተማለች። በአማርኛ «ድፍን ግምት» ቢባል ከትርጓሜው አይርቅም። ድፍን ግምት ያለው ሰው በፊቱ የቆመውን አያነብም፤ ቀድሞ የተቀረጸውን ሰሌዳ ያነባል።

ከእነዚህ ውድድሮች ሁሉ በዚህ ረገድ ልዩ ምርመራ የሚገባው «ባላገሩ አይዶል» ነው፤ ይህም ስለ ስሙ ነው። ባላገር በቀደመው አነጋገር አገር ያለው፥ ርስት ያለው፥ ግብር የሚገብር ማለት ነበር፤ ስሙም የሚያስከብር እንጂ የሚያዋርድ አልነበረም። ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ግን ከተሜው ቃሉን ወስዶ ስድብ አደረገው። መንገድ ሲሻገር የሚደናገረው ባላገር ተባለ፤ ሹካ መያዝ የማያውቀው ባላገር ተባለ። አገር ያለው ሰው አገር በሌለው ሰው አፍ ተዋረደ። አብርሃም ወልዴና ባልንጀሮቹ ይህን ቃል አንሥተው በውድድሩ ራስ ላይ መጻፋቸው ከዘፈኑ ይልቅ የሚመሰገን ሥራ ነው። ቃልን ከስድብ ማዳን ቀላል ነገር አይደለም፤ የቅኔ መምህራን ለአንድ ቃል ሁለተኛ ፍች ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ያድራሉና።

ነገር ግን ቃሉ ከዳነ በኋላ ሌላ ሰሌዳ ተቀረጸለት። ከገጠር የመጣው ተወዳዳሪ ዱላውን ይዞ፥ ጋቢውን ደርቦ፥ በሽለላና በፉከራ እንዲገባ ሁሉም ይጠብቀዋል። እንዲሁ ሆኖ ከገባ ይጨበጨብለታል፤ ጭብጨባውም ገና አፉን ሳይከፍት ይጀምራል። ሱሪ ለብሶ መጥቶ የከተማ ዘፈን ሊዘፍን ቢፈልግስ? «የራስህን ብትጫወት ይሻልህ ነበር» መባሉ የማይቀር ነው። የራሱ የተባለው የትኛው ነው? ሰውዬው የመረጠው ነው ወይስ ዳኛው ለእርሱ የመረጠለት? ከክፍለ ሀገር የመጣችው ልጅ የአገሯን ጭፈራ፥ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ የፈረንጅ ዜማ እንዲያቀርብ መጠበቅም ከዚያው ሰሌዳ የታተመ ነው። ስድብ ሰውን ከበር ይመልሰዋል፤ እንዲህ ያለው ሙገሳ ግን አስገብቶ በአንድ ማዕዘን ያስቀምጠዋል። የተሰደበ ሰው መሰደቡን ስለሚያውቅ ይከራከራል፤ በሙገሳ የታሠረ ግን የሚከራከርበት ቃል የለውም።

ይህ ከተሜና ባላገር ብሎ መክፈል ምን ያህል እንደማያስኬድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የካ ክፍለ ከተማን ማየት ይበቃል። ከመገናኛ አደባባይ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል የሚሄድ ሰው ፎቁን፥ ባንኩን፥ የመምህራን ማሠልጠኛ የነበረውን ዩኒቨርሲቲ ያያል፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ቢመልስ ደግሞ ከዚያው ክፍለ ከተማ ሳይወጣ የየካን ተራራ፥ ባሕር ዛፉን፥ ከድንጋይ የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በተራራው ግርጌ ያደገ ልጅ ጧት ከብት አግዶ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት የዋለ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ ወደ ውድድር ቢመጣ በየትኛው ሰሌዳ ይታተማል? ጫማው አቧራ ከያዘ ባላገር፥ አነጋገሩ የአራዳ ከሆነ ከተሜ ይባላል፤ ሁለቱም ስም ግን የእርሱን ግማሽ ያስቀራል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፥ ወገባቸው ጐብጦ፥ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሴቶች አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን አይታቸዋለች፤ ያየችው ግን ሸክሙን ነው። ከእነርሱ መካከል የምታዜም፥ ግጥም የምትገጥም፥ በለቅሶ ቤት ሙሾ አውርዳ አገር የምታስለቅስ እንዳለች የጠየቀ ከተሜ ብዙ አይደለም።

እንጦጦ ከተነሣ ዘንድ ደኑም ራሱ የዚህ ነገር ምሳሌ ነው። ዛሬ ተራራውን የሚጎበኝ እንግዳ ባሕር ዛፉን አይቶ ከጥንት የነበረ የአገሩ ዛፍ ይመስለዋል። ዛፉ ግን ዘሩ ከአውስትራልያ ሆኖ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ መጻተኛ ነው፤ የአገሩ ተወላጆች ጽድና ወይራ እንግዳ መስለው በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ተጠግተው ይታያሉ።

የመጀመሪያ ዕይታ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ብዙ ሰው የሚያነሣው ምሳሌ የስኮትላንዷ ሱዛን ቦይል ነገር ነው። ይህች ሴት በፈረንጆች ቍጥር ሚያዝያ 11 ቀን 2009 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየች ጊዜ ዕድሜዋ 48 ነበር፤ ልብሷም፥ ጠጕሯም፥ አነጋገሯም የዘፋኝ ሰሌዳ ላይ የሌለ ነበር። በአዳራሹ የነበሩት ሰዎች ሣቁባት፤ መዝፈን በጀመረች ጊዜ ግን ተነሥተው አጨበጨቡላት። ዓለሙ ሁሉ ይህን አይቶ ድፍን ግምት ተሸነፈ ብሎ ደስ አለው። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን እንዲህ አይደለም። ትርኢቱ በቀጥታ የተላለፈ አልነበረም፤ ከወራት በፊት ተቀርጾ የተቀነባበረ ነው። አቀነባባሪዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ሴትየዋ ምን ዐይነት ድምፅ እንዳላት ያውቁ ነበር። ዐውቀውም ሳለ አስቀድመው የሚሣቁትን ፊቶች፥ የሚገላመጡትን ዐይኖች ለይተው አሳዩ። በቤቱ ያለው ተመልካች በመጀመሪያ ዕይታው የተሳሳተ መሰለው እንጂ የተሳሳተውስ ተመርቶ ነው፤ ስሕተቱ ከመድረሱ በፊት ተዘጋጅቶለት ነበር። መልከ መልካምና ወጣት ሴት ያንኑ ዜማ በዚያው ድምፅ ብታዜም ማን ተነሥቶ ያጨበጭብላት ነበር? ስለዚህ መደነቁ ራሱ ከድፍን ግምት የሚሰበሰብ ግብር ነው። ግምቱ ቢጠፋ ድንቁም ይጠፋል፤ ድንቁ ከጠፋም የትርኢቱ ገበያ ይቀዘቅዛል። በዚያው ዓመት በመጨረሻው ውድድር ሴትየዋ ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛ የሆነው «ዳይቨርሲቲ» የተባለ የጭፈራ ቡድን ነው።

እርስዋ እንኳ ድምፅ ነበራትና ዳነች። ድምፅ የሌለውስ? በኢትዮጵያ አይዶል ዘመን ከዳኞቹ ብቃት ይልቅ በሰው አፍ ብዙ የተወራው ሊዘፍኑ መጥተው ያልሆነላቸው ሰዎች ነገር ነበር። እነርሱ ለሣቅ ተመርጠው ታዩ፤ ፊልሙም ዛሬ በዩቱብ እየተላለፈ ይኖራል። አንድ ወጣት ከሩቅ አገር በአውቶቡስ መጥቶ፥ ሌሊቱን ተሰልፎ አድሮ፥ አንዲት ደቂቃ ቆሞ ተስቆበት ይመለሳል። አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው ቅጽል ስም ነው። ያ ሰው በኋላ ጥሩ አናጢ፥ ጥሩ መምህር፥ ጥሩ አባት ቢሆን እንኳ ያች ደቂቃ ትቀድመዋለች፤ አሽ ቃላቱን ገልብጦ እንዳሳየው፥ መጀመሪያ የተነገረው የኋለኛውን ሁሉ ቀለም ይቀባዋል። መድረኩን ያዘጋጁት ሰዎች «ሳይገደድ በፈቃዱ መጣ» ማለታቸው እውነት ነው፤ የመጣው ግን ሊሰማ እንጂ ሊታይ አልነበረም።

ስለ ዳኞቹም አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ እነርሱም በሰሌዳ ታትመዋልና። እንዲህ ያለው ውድድር ባለበት አገር ሁሉ አንድ ጨካኝ፥ አንድ ርኅሩኅ፥ አንድ ቀልደኛ ዳኛ ይገኛል። በኢትዮጵያ አይዶል የጨካኙ ስፍራ ለሙዚቃ ባለሙያው ለፈለቀ ኃይሉ ተሰጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም ገና ሳይናገር ፊቱን አይቶ ይፈራው ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን በጥሞና ለመረመረ፥ በቅኝትና በምት ስሕተት ላይ ያለ ሐፍረት የሚናገር ዳኛ ለተወዳዳሪው ከሚያዝንለት ዳኛ ይልቅ ያከብረዋል። «አይዞህ፥ ልብስህ ያምራል» ያለው ርኅሩኅ ሰው ድምፁን አልሰማም።

መፍትሔው ዐይንን መጋረድ ነው ያሉ አሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ዐዲስ ተጫዋች ሲቀጥሩ ዕጩው በመጋረጃ ውስጥ ሆኖ እንዲጫወት ማድረግ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በ2010 በኔዘርላንድ የተጀመረው «ዘ ቮይስ» የተባለው ውድድርም ዳኞቹን ጀርባቸውን አዙረው ያስቀምጣቸዋል። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ እንዳይደለ በ2013 ቺያ ጁንግ ጻይ የተባለች ተመራማሪ አሳይታለች። የታላላቅ የሙዚቃ ውድድሮችን የመጨረሻ ተወዳዳሪዎች ለአንዳንዶች ድምፃቸውን ብቻ፥ ለአንዳንዶች ያለ ድምፅ ምስላቸውን ብቻ አቀረበች። አሸናፊውን ለይተው ያወቁት ድምፅ ሳይሰሙ ምስሉን ብቻ ያዩት ሆኑ። የሙዚቃ ሊቃውንትም እንደ ሌላው ሰው ነበሩ፤ ሁሉም ግን ከሁሉ የሚበልጠው ድምፁ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ታላላቅ ውድድሮች የፈረዱት ዳኞችም ሳያውቁት በዐይናቸው ሲሰሙ ኖረዋል ማለት ነው።

በቅኔ ቤት ይህ መጋረጃ ከጥንት ነበረ። ከታላላቅ የቅኔ መምህራን ብዙዎቹ ዐይነ ስውራን ነበሩ፤ ተማሪው ቆዳ ይልበስ ደበሎ፥ ቆንጆ ይሁን ፉንጋ፥ የኔታ የሚያገኙት ድምፁንና ቃሉን ብቻ ነው። ዐይናማው መምህርም ቢሆን ቤቱ ሳይዘጋ አይፈርድም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነውና ፍርዱ ይፈጥናል፤ መወድስ ግን ስምንት ቤት ነው፥ የመጀመሪያውን ቤት ሰምቶ የሚያደንቅ ወይም የሚነቅፍ ሰው በጉባኤው መካከል መሣቂያ ይሆናል። ሰሙ አስቀድሞ ይሰማል፤ ወርቁ ዘግይቶ ይወጣል፤ የሰሚው ሙያም በዚያ መካከል አፉን መያዝ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ጆሮም የራሱ ሰሌዳ አለው። ተማሪው ከዋሸራ የመጣ ነው ሲባል አንድ ዐይነት ቅኔ፥ ከዋድላ ወይም ከጎንጅ የመጣ ነው ሲባል ሌላ ዐይነት ቅኔ የሚጠብቅ ጆሮ ሞልቷል። አነጋገሩ አገሩን፥ አገሩም መምህሩን ያስገምታል፤ የመምህሩ ስም ታላቅ ከሆነ ደካማው ቅኔ እንኳ ምስጢር ያለው ይመስላል። የታወረ ዐይን ከመልክ ያድናል እንጂ ከስም አያድንም።

ከስምም ከመልክም የሚያድን ዳኛ ቢፈለግ እንጦጦ ላይ ይገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ተራራ ሯጮች በማለዳ ሲሮጡ የሚፈርድባቸው ሰዓት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ በቆመ ጊዜ ያዩት ሁሉ ምን እንዳሰቡ ሰዓቱ አልጠየቀም፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ብሎ ጻፈ እንጂ። ለዘፈን ግን እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ስለዚህ ነው ሯጭ ከሚጠነቀቀው ይልቅ የዘፈን ዳኛ እጅግ አብልጦ ሊጠነቀቅ የሚገባው።

ዘግይቶም ቢሆን የሚመጣ ፍርድ አለ። የመጀመሪያው የባላገሩ አይዶል አሸናፊ ዳዊት ጽጌ በኋላ «የኔ ዜማ» የተባለ አልበም አውጥቷል። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በታክሲ የሚሄድ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ዳኛም፥ ጫማም፥ የትውልድ አገርም አይታየውም፤ ደስ ካለው ያዳምጣል፥ ደስ ካላለው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይጫወታል። በመድረክ ሳምንት ከሳምንት በስልክ መልእክት ድምፅ የሰጠው ሕዝብና ይህ የታክሲ ተሳፋሪ አንድ ዐይነት ዳኞች አይደሉም። ለተሸነፉት ግን ይህ ሁለተኛ ችሎት አይደርሳቸውም፤ አልበም የሚያወጣ ጥቂት ነውና።

ነገሩን ለማቅናት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የመጀመሪያው ማጣሪያ በስም ሳይሆን በቍጥር ይሁን፤ ተወዳዳሪው በመጋረጃ ውስጥ ሆኖ ያዚም፤ ዳኞቹ ሳይመካከሩ እያንዳንዳቸው ፍርዳቸውን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ አገሩና ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይጠየቅ። ያልሆነለትም ሰው ፊቱ ሳይታይ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለስ። አዘጋጆቹ ፊት ያልታየበት ቴሌቪዥን ምን ቴሌቪዥን ነው ይሉ ይሆናል። መጋረጃው ግን የሚቆየው ለአንዲት ዘፈን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊቱም ጋቢውም ጫማውም እንደ ልብ ይታይ። ድምፁን አስቀድሞ የሰማ ተመልካች፥ ይህ ድምፅ የማን ይሆን እያለ መጋረጃው እስኪከፈት በጉጉት መጠበቁ የማይቀር ነው፤ ለገበያውም ቢሆን ከሣቁ የሚያንስ አይደለም።